የመሪያም ቀጠሮ

መሪያም እምቢ ብላ አታውቅም። እሺ ብላም አታውቅም። ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ደጃፏ ላይ ቆመው የልጇን ደም እንድትምር በአላህ ስም ሲለምኗት፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማቸውና ጨርሰው ዝም ሲሉ ቀጠሮ ትሰጣለች። «ማሾው ይሰብሰብ» ትላለች። «ረመዳን ይውጣ» ትላለች። አንድ ዓመት «አጎቱ ከጅዳ ይምጣና እሱም ይስማ» አለች። አጎቱ ከጅዳ መጣ፣ ሻንጣውን ፈታ፣ ዘመድ ጠየቀ፣ ተመልሶ ሄደ። ቀጠሮው ግን ንቅንቅ አላለም።

የቀወት አገር ሰው ይህን ነገሯን አንዳንዱ በክፋት፣ አንዳንዱ በግትርነት ይተረጉመዋል። «ሴትዮዋ ደሙን ከነትኩሳቱ ይዛው ልትቀበር ነው» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። በዚያ የሮቢት ፀሐይ፣ በሟች ቤት እርቅ ሳያገኝ ውሃ መጠጣት ነውር የሆነበት ሽማግሌ፣ ከንፈሩ ደርቆ ቆሞ ቆሞ «ዝናቡ ይግባና እንነጋገር» ተብሎ ሲመለስ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? የወረዳው ሹሞችም «ነገ ኑ» ይላሉ፤ እነሱ ግን ሥራ ስለሚከብዳቸው ነው። መሪያም «ነገ ኑ» የምትለው አንድ የቀራት ልጅ ስላለ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። ከሮቢ ወንዝ ወደ ማሳ በሚገባው ቦይ ላይ ሰው ሁሉ ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባት ደግሞ ያን ሰሞን ታሞ ተኝቶ ነበር። የመሪያም ታላቅ ልጅ ሙሀሲንና የጎረቤታቸው ልጅ ያሕያ ጎህ ሲቀድ ቦዩ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ተራው የኔ ነው አሉ። አብረው ያደጉ፣ በአንድ ትሪ የበሉ ልጆች ናቸው። ያሕያ በያዘው አካፋ አንድ ጊዜ መታው። ሙሀሲን እዚያው ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ወድቆ ቀረ።

ያሕያ አልሸሸም፤ እጁን ሰጠ። ፍርድ ቤት የራሱን ፈረደ፣ ማረሚያ ቤትም የራሱን ወሰደ። ግን በዚህ አገር የመንግሥት እስራት ደም አያደርቅም። ደም የሚደርቀው የሟች ወገን በአደባባይ «ምሬያለሁ» ሲል ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የገዳይ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ይሄዳል፤ የያሕያ እናት ሩዋይዳም ልጆቿን ሰብስባ ካራቆሬ ገባች፣ ማሳዋም ጦሙን አደረ። በሟች ቤትም ቢሆን ደም ሳይደርቅ ሠርግ አይደገስም፣ ከበሮ አይመታም። የሟች ወንድም ደግሞ ገዳዩን ቢያጣ የገዳዩን ወንድም ባገኘበት ቦታ መምታት ይችላል፤ ባይመታ የሚታማው እሱ ነው።

በቀብሩ ዕለት የመሪያም ትንሹ ልጅ ጁነይድ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት አፈሩን በእጁ ጨብጦ «የወንድሜን ደም ካልመለስኩ መሪያም አልወለደችኝም!» ብሎ ማለ። ወንዶቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መሪያም ከሴቶቹ መሃል ሆና ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ያ ቃል ከጆሮዋ ወጥቶ አያውቅም።

ያኔ ነው ሸህ ሳልህ የመጡት። ሸህ ሳልህ አበጋር ናቸው፤ አበጋርነት በይፋት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ደም የማስታረቅ ሥራ ነው። አበጋር በትሩን ይዞ ቀጠሮ የቆረጠበት ደም አይነካም። ቀጠሮ እያለ እጁን ያነሳ ሰው እርግማኑ ለልጅ ልጁ ይተርፋል ይባላል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ይፈራል። ሸህ ሳልህ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሲቆርጡ ጁነይድ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። መሪያም ልጇ ዝም ሲል አየች። እዚያው ቆማ፣ ሐዘኗ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሁሉንም ነገር አሰበችው።

እምቢ ብትል ቀጠሮው ይፈርሳል፤ ጁነይድም ወይ ይገድላል ወይ ይገደላል። እሺ ብትል ደግሞ ልጁ መሐላውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይቀራል። አንድ ቀን ከጓደኞቹ አንዱ «እናትህ ቀደመችህ» ይለዋል፣ እሱም ወንድነቱን ሊያሳይ ይነሳል። ከእርቅ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ ሽማግሌ የለውም። ስለዚህ እምቢም እሺም አላለችም። ልጇን በቀጠሮ አስራ አስቀመጠችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለጁነይድማ ጨርሶ! «ልትገድል ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መቆስቆስ መስሎ ታያት።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ደጃፍ የደረሰ ጊዜ ሕዝቡ በእግሩም በመኪናም ሽቅብ ወደ ደጋ ወጣ። መሪያምና ጁነይድ ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። ቆላ የለመደ ገላቸው ብርዱን አልቻለውም። በሁለተኛው ቀን መሪያም ቀና ብላ ስታይ ከክፍሉ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር ሩዋይዳ ተቀምጣለች፣ ትንሹ ልጇም አጠገቧ ኩርምት ብሏል። ሁለቱ እናቶች ተያዩና ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። ጁነይድ ዳቦ ሊቀበል ወጥቶ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ልጁን አየው። መሪያም ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ጁነይድ ግን ገባ፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ለእናቱ ሰጣት፣ ተቀመጠ። ቀጠሮው ያዘልኝ አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ከሮቢት በላይም በታችም ስማቸውን የሚጠራላቸው ያጡ ልጆች ያልቁ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎችም በሬዲዮ ቀን ይቀጥሩ፣ ቀን ያራዝሙ፣ «ሁኔታዎች እስኪመቻቹ» ይሉ ነበር፤ እነሱ ባራዘሙት ቀን ሁሉ የሚቀበር ሰው ነበር። መሪያም ይህን እየሰማች በውስጧ ትንሽ ኮራች። እኔ ባራዘምኩት ቀን አንድም ሰው አልሞተም አለች። ከዚያ መልስ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «አገሩ ይረጋጋ» አለቻቸው። የዚያን ዓመት ማንም አልታዘባትም።

ነገሩ የተለወጠው ዘንድሮ ነው። ያሕያ በአመክሮ ተፈታ። በዚያው ሰሞን ሸህ ሳልህ አልጋ ያዙ። ወሬውን ያመጡላት ጋሼ ወልደማርያም ናቸው፤ የደብሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሸህ ሳልህ ጎን ሳይለዩ ደጇ ላይ በቆሙ ቁጥር ፀሐይ የሚያቃጥላቸው መላጣ ሰው። ከባጃጁ ሳይወርዱ ነገሯት።

«ሸኹ ይፈልጉሻል። ዛሬውኑ ነይ ብለዋል።»

መሪያም በዚያው ባጃጅ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምታስበው አዲስ ቀጠሮ ነበር። የአበጋር ቀጠሮ ከአበጋሩ ጋር እንደሚሞት ታውቃለች። ሸህ ሳልህ ዓይናቸውን የከደኑ ቀን ጁነይድን የሚይዘው ነገር የለም፤ ያሕያ ደግሞ በሚኒባስ ከሚደረስበት ካራቆሬ ተቀምጧል።

ሸህ ሳልህ በረንዳቸው ላይ የቆዳ ጀንዲ ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። እጃቸውን ልትስም ስታጎነብስ ሰበሰቡት።

«እንዴት ነዎት ሸህ? አላህ አፊያዎን ይመልስልን።»

«አሚን። መሪያም፣ ቀጠሮ ልትጠይቂኝ ከሆነ የመጣሽው፣ የምሰጥሽ የለኝም።»

«ልጅዎ በትሩን ይያዛላ! እሱ ይቅጠርልኝ።»

«ልጄ አዲስ አበባ ሲኖትራክ ይነዳል። አበጋርነቱን አልፈልግም ብሏል።»

«ጋሼ ወልደማርያምስ?»

«ወልደማርያም ወንድሜ ነው፣ ምስክሬ ነው። በትሩ ግን በዘር ነው።» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆዩ። «ማሾ በዓመት ሁለቴ እንደሚሰበሰብ እኮ እኔም አውቃለሁ። ስታራዝሚ ያወቅሁብሽ አልመሰለሽም?»

መሪያም ደነገጠች። «ያውቁ ነበር?»

«አብሬሽ ነው ሳራዝም የኖርኩት። ቁጣ እስኪበርድ ቀን መግዛት ከአባቴ የተማርኩት ሥራ ነው። ግን ጁነይድን ጠርቼ ‹አንተስ በርዶልሃል ወይ?› ብዬ አልጠየቅሁትም። ይህ የኔ ጥፋት ነው። አንቺስ ጠይቀሽዋል?»

መሪያም ሻርፗን እስከ ግንባሯ ሳበች።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ። «በእግሬ ካልሆነልኝ በቃሬዛ። ይህን ደም ክፍት ትቼ ጌታዬ ፊት አልቀርብም። እሺ በይ፣ እምቢ በይ፣ ያንቺ ነው። ሌላ ቀን ግን የለም።»

በማግስቱ እናትና ልጅ ማሾ ለቀማ ወጡ። ማሾ እኩል አይደርስም፤ የጠቆረ የጠቆረውን የፍሬ ቆባ እየመረጡ ማንሳት ነው። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፣ እየለቀሙም አይተያዩም። መሪያም ነገሩን ከየት እንደምትጀምረው ስታብሰለስል ፀሐዩ ከረረ።

«ያሕያ ተፈቷል» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«አይቼዋለሁ።»

መሪያም ቀና አለች። ጁነይድ ቀና አላለም።

«ሮቢት መናኸሪያ ነው። ከሚኒባስ ሲወርድ ፊት ለፊት ገጠምን። ሸብቷል እማ። የሙሀሲን እኩያ ሆኖ ሸብቷል። ሲያየኝ የያዘውን ፌስታል መሬት አስቀመጠና ቆመ። ልሩጥ አላለም። እንድመታው የቆመልኝ ነው የመሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን? ባጃጅ ጠርቼ ነጋዴው ጋ ሄድኩ፤ ጆንያ ልገዛ አልነበር የወጣሁት።»

«ቀጠሮው ትዝ ብሎህ ነው?»

ጁነይድ ይህን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ግንባሩ ላይ ከፀጉሩ መግቢያ ጀምሮ መስመር ገብቷል፤ ልጇ መቼ እንዲህ እንደሆነ አላስተዋለችም።

«ወላሂ ትዝም አላለኝ። ልመታው አልፈለግሁም። ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያን ትንሹን ወንድሙን ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ሳየው ጊዜ ነው ቂሙ የተወኝ። ሙሀሲን ልጅ ሆኖ ወባ ሲይዘው እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ደም የሚባል ነገር በልቤ የለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ዓመት!»

«ምን ልበልሽ? ‹የልጅሽን ደም ትቼዋለሁ› ልበልሽ? አንቺ ሽማግሌ በፀሐይ እያቆምሽ ስትመልሺ በዓይኔ እያየሁ? ልብሽ ደም የሚፈልግ መስሎኝ ነበር እኮ እማ። የወለደችው ሳትምር ወንድም ቀድሞ ማርኩ ይላል? አንቺ እሺ እንድትይ ነው የጠበቅሁት።»

መሪያም የያዘችውን ማሾ ዘንቢሉ ውስጥ ልታስገባ ስትል መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ላንተ ብዬ ነው» አለች። «እንዳትገድል ብዬ ነው። በቀጠሮ የያዝኩህ መስሎኝ ነው።»

«እኔን?»

«ብጠይቅህ ያስታወስኩህ መስሎ እንዳይታይህ ፈራሁ።»

ጁነይድ እዚያው ማሾው መሃል ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ስለ ፈሪሃ እያሰበ እንደሆነ አወቀች። ፈሪሃን አጭተውለት ነበር። የልጅቷ ወገኖች ደሙ ይደርቃል ብለው ጠበቁ፣ ጠበቁና ካራቆሬ ለሚኖር ሰው ዳሯት። ያኔ ጁነይድ አንድ ቃል አልተናገረም፤ መሪያምም ሌላ ትመጣለች ብላ አለፈችው። ሌላ አልመጣችም። ደም ያልደረቀበት ቤት ማን ልጁን ይሰጣል?

«ፈሪሃ…» ብላ ጀመረች።

«ተያት እማ። የልጆች እናት ሆናለች።»

ተነስቶ የፈሰሰውን ማሾ ከአፈሩ እየለየ ለቀመላት። እኔ ባራዘምኩት ቀን ማንም አልሞተም ያለችው ቃል ተመልሶ መጣባት። ማንም አልሞተም፤ እውነት ነው። ልጇ ግን ወጣትነቱን ሙሉ ደጅ ጠንቶ ቆሟል፣ በሩን የዘጋችበትም እሷ ናት። አገር ለቆ የሄደውን የሩዋይዳን ቤተሰብማ ጭራሽ አስባው አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ሸህ ሳልህን በቃሬዛ አመጧቸው። ከግቢው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አወረዷቸውና በትራቸውን አጠገባቸው ተከሉት። ጋሼ ወልደማርያም ጥላ ይዘውላቸው ቆሙ። የሠፈሩ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ሆኑ። ያሕያን አጥሩ ጋ አመጡት፤ ባዶ እግሩን ነው፣ እንደ ወጉ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። ከኋላው ሩዋይዳ መሬት መሬት ታያለች።

በመጀመሪያ ጁነይድ ተጠየቀ። ወደ መሃል ወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መሐላዬን መልሻለሁ። እኔ በበኩሌ ለአላህ ብዬ ምሬያለሁ። የእናቴን እሷ ትናገር» አለ። ከወንዶቹ መሃል ማንም አልሳቀበትም። አንዱ አዛውንት እንዲያውም «እሰይ ልጄ» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራችው የእነሱን መሳለቅ ነበር።

«መሪያም» አሉ ሸህ ሳልህ። ድምፃቸው ከቅርብ ካልሆነ አይሰማም። «ደሙን ትምሪያለሽ?»

አሁን ቃሉን ለማለት የሚያግዳት ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ እሺ ልትል ነው ብሎ እየጠበቀ ነው። አፏን ስትከፍት ግን ቃሉ አልመጣም። ምላሷ ላይ የመጣው «ማሽላው ይታጨድና» የሚለው ነው። እሷም ራሷ ይህን በውስጧ ሰምታ ደነገጠች። ጁነይድ ትቶታል፤ ታዲያ አሁን ይህን የሚለው ማነው? ያጎነበሰውን የያሕያን ማጅራት አየችው። ያን ድንጋይ በእጇ አንስታ መልሳ ልትጭንበት ፈለገች። ለልጄ ብዬ ነው ስትል የኖረችው እውነት ነበር፤ ግን ከሥሩ የራሷ ቁስል ተኝቶ ነበር፣ በልጇ ስም እየተሸፈነ ማንም ሳይነካው እስከ ዛሬ ድረስ እንደ መጀመሪያው ቀን እርጥብ ሆኖ ቆይቷል።

ጋሼ ወልደማርያም የሸህ ሳልህን ትንፋሽ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ሰዉ ተቁነጠነጠ።

«ሸህ» አለች መሪያም። «ልዋሽዎት አልችልም። ልቤ አልመጣም። ገና መንገድ ላይ ነው።»

ከሴቶቹ መሃል አንዷ «ያ ረቢ!» አለች። ሩዋይዳ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱን ስጠብቅ ግን የልጄን ዕድሜ ጨረስኩት» አለች መሪያም። «የሰው ልጆችንም በሰው አገር አስቀረሁ። ከእንግዲህ ልቤን አልጠብቀውም። ሲመጣ ይድረስበት። ምሬያለሁ። ሁላችሁም ስሙኝ፣ ምሬያለሁ!»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ሸህ ሳልህ፣ እጃቸውንም ለዱዓ ሊያነሱ ሞከሩ። ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የተነሳላቸው፤ ጋሼ ወልደማርያም ከክርናቸው ደግፈው አነሱላቸው። ግቢው በአሚን ተሞላ።

እንደ ወጉ ድንጋዩን ከገዳዩ ማጅራት የምታወርደው እናት ናት። መሪያም ግቢውን አቋርጣ ያሕያ ፊት ቆመች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችው። ከባድ ነው። እሱ ግን ቀና አላለም፣ እሷም አልተመለሰችም።

«ያን ሰዓት ከልጄ ጋር ካንተ ሌላ ሰው አልነበረም» አለችው። «ምን አለ?»

ይህ በወጉ ውስጥ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊከለክላት ሲል ሸህ ሳልህ በእጃቸው ተዋት አሉት።

ያሕያ እንዳጎነበሰ ተናገረ። «ስሜን ጠራኝ እማ መሪያም። ያሕያ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«አቤት አልኩት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አቤት፣ አቤት እያልኩ ያዝኩት። ሌላ አልጨመረም።»

መሪያም ድንጋዩን እንደታቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያች ጎህ ጀምሮ ልጇን ብቻውን፣ ጭቃ ላይ፣ እየተጣራ የሚመልስለት አጥቶ ነበር የምታየው። ተኝታም ነቅታም እንደዚያ ነበር የምታየው። ያሕያ ይህን ሁሉ ዓመት ቢጠየቅ ይነግራት ነበር። በቀብሩ ዕለት እንኳ ያልወጣላት የልቅሶ ድምፅ አሁን ወጣ፤ ሩዋይዳ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ስትይዛት አልገፋቻትም።